የግንቦት ማንጎ ለየካቲት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ግንቦትና ሰኔ ላይ መልኩ ይለወጣል። ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ ውጫሌ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ መርሳ ላይ ማንጎው በቅርጫት፣ ፓፓያው በመደብ፣ ሎሚና ዘይቱኑ በሳህን ተደርድሮ መንገደኛ ይጠብቃል። መኪና ጋብ ሲል ሻጮች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ጠዋት በዋጋዋ የማትነቃነቅ ሻጭ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምርቃቱን እያበዛች ገዢ ትለምናለች፤ ልክ የበሰለ ማንጎ በቆላ ሙቀት ከነገ ወዲያ አይቆይምና። ያልተሸጠው ለከብት ይሰጣል፤ ከዚያም የተረፈው እዚያው ይበሰብሳል።

የካቲት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። የአካባቢው ማንጎ አልቋል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ከሩቅ የመጣና ኪስ የሚጎዳ ነው። ዓብይ ጾም ገብቶ ማዕዱ ከሽሮና ከምስር ብዙም ሳይርቅ ይሰነብታል። በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው ጊዜ ስምንት ዘጠኝ ወር ነው። በአግባቡ የቀዘቀዘ ማንጎ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ጣዕሙን ይዞ መቆየት ይችላል። ስለዚህ በሐይቅና እንደ ውጫሌ ባሉ የአምባሰል ወረዳ ከተሞች ፍሪዘር ያለው ቤተሰብ ሁሉ ከፍሪዘሩ አንዱን መደርደሪያ ለፍራፍሬ መስጠት አለበት። ይህን የሚጠይቀው ቅንጦት አይደለም፤ በየዓመቱ በዓይን እየታየ የሚጠፋ ምግብ ነው።

ዛሬ የብዙ ቤት ፍሪዘር ሥራው ሁለት ብቻ ነው። በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀልና በኢድ ማግስት ሥጋ ይሞላበታል፤ በቀረው ጊዜ የውኃ በረዶ ይሠራበታል፣ አለዚያም ባዶውን መብራት ይቆጥራል። ሐይቁ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ደግሞ ዓሣ ይገባበታል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ከተጨመረ ወዲህ ዓሣ ማጥመድና መጥበስ የከተማዋ አንዱ መተዳደሪያ ሆኗል። ቶሎ የሚበላሽን ነገር ቅዝቃዜ እንደሚያድነው ለሐይቅ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይህ እውቀት ከዓሣው ወደ ማንጎው አለመሻገሩ ግን ያሳዝናል።

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ድንበር ከተሻገሩ ቆይተዋል። ሰንበት ላይ ቁሌቱን አብስለው፣ ወጡን በየሣጥኑ ከፍለው፣ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ይከታሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ እያወጡ ይበላሉ። ማንጎውንም ተልጦና ተከትፎ የቀዘቀዘውን ከሱቅ ገዝተው ለጁስ ይጠቀሙበታል። ያ ማንጎ ከሌላ አገር ተጉዞ የደረሰ ነው። ሐይቅ ላይ ያለ ሰው ግን ማንጎውን ከደጁ አጠገብ እያገኘ ለማቆየት አይሞክርም።

ፍራፍሬን አቀዝቅዞ ማቆየት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ክላረንስ በርድስአይ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ላብራዶር በሚባለው የካናዳ በረዷማ ጠረፍ ሲኖር የኢኑይት ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በነፋሱ ብርድ ወዲያው ሲቀዘቅዝ፣ ከወራት በኋላ ሲቀልጥም ትኩስ ጣዕሙን እንደያዘ አየ። ምሥጢሩ የቅዝቃዜው ፍጥነት መሆኑ ገባው። አገሩ ተመልሶ ማሽን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1930 በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በፍጥነት የቀዘቀዘ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ለሱቅ ደንበኞች ቀረበ። ከዚያ በፊት ቀስ ተብሎ የቀዘቀዘ ምግብ ላሽቆና ውኃ ቋጥሮ ስለሚወጣ ስሙ የጠፋ ነበር።

ፍጥነቱ ለምን ያስፈልጋል? ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ሲመጣ በፍሬው ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ትልልቅና ሹል ሆኖ ሕዋሳቱን ይበሳል፤ ፍሬው ሲቀልጥ ጭማቂው ይፈሳል፣ ሥጋው ይላላል። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ በረዶው ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ያንሳል። የቤት ፍሪዘር የፋብሪካን ያህል አይፈጥንም፤ ይህን ማካካስ ግን ይቻላል። ፍሬው በትንንሹ ይከተፋል፤ ንጹሕ ትሪ ላይ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይዘረጋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር በሚዘጋ ዕቃ ወይም ለምግብ በተሠራ ላስቲክ ተቋጥሮ አየሩ ይጨመቅለታል። እንዲህ የተያዘ ማንጎ ተጣብቆ አንድ ቋጥኝ አይሆንም። ሲፈለግ አንድ እፍኝ ብቻ ይወጣል፤ የቀረው አይነካም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ቀዝቅዞ የቀለጠ ማንጎ እንደ ትኩሱ በቢላ ተቆርጦ ሳህን ላይ አያምርም። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ "ተበላሸ" ብሎ ይተወዋል። የቀዘቀዘ ፍሬ ቦታው ሌላ ነው፤ የባለሙያዋ ፈጠራም የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጁስ ነው። ጁስ ቤት የሚሠራው ጁስ በውኃና በበረዶ ስለሚቀጥን ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር ይጨመርበታል። የቀዘቀዘ ማንጎ ግን በረዶውም ፍሬውም ራሱ ስለሆነ ትንሽ ውኃ ብቻ ጠብ ተደርጎበት ሲፈጭ ወፍራም፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሆኖ ይወጣል፤ ስኳር አይጠይቅም። ጾም ካልሆነ በውኃው ምትክ እርጎ ቢገባ አንድ ብርጭቆው ለቁርስ ይበቃል። ስፕሪስ የሚወድ ቤተሰብ ደግሞ የቀዘቀዘ አቮካዶ፣ ፓፓያና ማንጎ ለየብቻ ፈጭቶ በብርጭቆ ሲደራርብ ቀለሞቹ ሳይቀላቀሉ ይቆማሉ፤ ቀዝቃዛው ፍሬ ወፍራም ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። ሎሚ ከላይ ሲጨመቅበት የሐይቅ ቤት ስፕሪስ ከደሴው ጁስ ቤት ስፕሪስ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሙዝ ሌላ ጸጋ አለው። ልጣጩ ጠቁሮ ማንም የማይገዛው ሙዝ ለዚህ ሥራ ከቢጫው ይሻላል፤ ስኳሩ በዝቷልና። ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ቀዝቅዞ ብቻውን ሲፈጭ መጀመሪያ ፍርፋሪ ይሆናል። ማሽኑን እያቆሙ፣ በማንኪያ እያማሰሉ ጥቂት ሲታገሡ ድንገት ወደ አይስክሬም ይለወጣል። ወተት የለበትም፣ ክሬም የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፤ በሙዙ ውስጥ ያለው ፔክቲን ነው ያንን ልስላሴ የሚሰጠው። የተፈጨ ለውዝ ቢጨመር የጾም አይስክሬም ነው። ጠቆር ተደርጎ የተፈላ ቡና ጠብታ ቢገባበት ለእንግዳ የሚቀርብ ይሆናል። ስሙ በሕዝብ ዘፈን ሳይቀር የሚነሳው የአምባሰል ማር በላዩ ሲፈስበት ደግሞ ምንም ሌላ ማጣፈጫ አይፈልግም።

ከጁስና ከአይስክሬም ወጣ ሲባል ብዙ ነገር ይገኛል። ገና ያልበሰለ አረንጓዴ ማንጎ በነፋስ ሲረግፍ ተሰብስቦ፣ ተፍቆና ቀዝቅዞ ቢቀመጥ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ተፈጭቶ ለተጠበሰ ቆሮሶ የሚሆን ኮምጣጣ ዳጣ ይወጣዋል። የሐይቅ ምግብ ቤቶች ዓሣውን በሎሚና በዳጣ ያቀርባሉ፤ በአገሩ ማንጎ የተሠራ ማባያ ቢጨምሩ ግን ከተማዋ የራሷ የሆነ ምግብ ይኖራታል። የበሰለውን የቀዘቀዘ ማንጎ ደግሞ ከፍሪዘር እንደወጣ ሎሚ ጨምቀው ሚጥሚጣ ቢነሰንሱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሚገዛ ብስኩት ይሻላል።

ፓፓያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጡ ፓፔይን የሚባል፣ ፕሮቲንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ቅዝቃዜ ሥራውን ያቆመዋል እንጂ አያጠፋውም። ከወተት ጋር የተፈጨ ፓፓያ ወዲያው ካልተጠጣ የሚመረው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ጠባዩ ግን ለወጥ ቤት ሀብት ነው። ያልበሰለ ፓፓያ ተፍቆ ቢቀዘቅዝ፣ ጠንካራ የበሬ ወይም የፍየል ሥጋ ከመጠበሱ በፊት ጥቂቱ ቀልጦ ቢታሽበት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሥጋው ይለዝባል። በአንድ ጊዜ ተበልቶ የማያልቀው ትልቅ ፓፓያም በዚህ መንገድ አይጣልም።

አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች እጅ ነው፤ ዛሬ ከአማራ ክልል ከቆጋ መስኖ ሳይቀር ወደ አውሮፓ ይላካል። በቤት ውስጥ ግን ከአቮካዶ በላይ የሚያናድድ ፍሬ የለም፤ ሳምንት ሙሉ ጠንክሮ ቆይቶ በአንድ ቀን ሁሉም ይበስላል። የተቆረጠው ደግሞ አየር ሲነካው ኢንዛይሙ ያጠቁረዋል። መፍትሔው ሁሉንም በዚያው ቀን ልጦ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ሎሚ ጨምቆ፣ አድቅቆ፣ በትንንሽ ላስቲክ አሳስቶ ማቀዝቀዝ ነው። ሳስቶ የቀዘቀዘ አቮካዶ ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ይቀልጣል፤ ለዳቦ ይቀባል፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ለሰላጣ ይሆናል።

ሎሚ በረከሰ ጊዜ ጨምቆ በበረዶ መሥሪያው ሳጥን ማቀዝቀዝ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንዱ ኩብ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ሁለቱ ለአንድ ሳህን ዓሣ ይበቃል። ከመጨመቁ በፊት ልጣጩ ተፍቆ ለብቻው ቢቀመጥ ለኬክና ለዳቦ መዓዛ ይሆናል። ብርዝ በሚጠጣበት ቤት የሎሚ ወይም የብርቱካን ኩብ ብርጭቆው ውስጥ ሲጣል ብርዙን ሳያቀጥነው ያቀዘቅዘዋል።

በለስም መረሳት የለበትም። ክረምት ላይ ከየገመገሙ በብዛት ሲመጣ ዘሩ የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ነው። ተልጦ፣ ታሽቶ፣ በወንፊት ተጠልሎ የቀዘቀዘው ጭማቂ ግን ዘር የለበትም፤ ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ጥማት ይቆርጣል። ለልጆች ጀላቲ መሥራትም ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ በር የሚሸጠው ጀላቲ በአብዛኛው ቀለምና ስኳር የገባበት ውኃ ነው። የበለስ፣ የፓፓያ ወይም የዘይቱን ጭማቂ በቀጭን ላስቲክ ተሞልቶ ቢቀዘቅዝ ልጁ ያንኑ ጀላቲ ያገኛል፤ እናትም ምን እንዳበላችው ታውቃለች።

እነዚህ ሁሉ በተለይ ትርጉም የሚኖራቸው በጾም ወራት ነው። በ2017ም ሆነ በ2018 ዓ.ም. ዓብይ ጾምና ረመዳን በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገብተዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት በሐይቅ ከተማ ይህ ማለት ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ጾመ ማለት ነው፤ በአንድ በኩል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደወል፣ በሌላው የመግሪብ አዛን የጾሙን ሰዓት ይቆጥራል። ዓብይ ጾም 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ይጾማል። ያ ሁሉ ቀን ፍራፍሬ የሚፈለግበት ነው፤ የሙዝ አይስክሬምና የማንጎ ጁስ ያን ጊዜ ቦታቸው ትልቅ ነው።

ረመዳን ላይ ደግሞ ከምግቡ ይልቅ ድካሙ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች ሴት መግሪብ ከመድረሱ በፊት ሾርባውን ታማስላለች፣ ሳምቡሳውን ትጠብሳለች፣ ቴምሩን ታቀርባለች፤ በዚያ ላይ ማንጎ ልጣ፣ ከትፋ፣ ፈጭታ ለስምንት ሰው ጁስ እንድታደርስ ይጠበቅባታል። ፍሬው ተዘጋጅቶ ቀዝቅዞ የተቀመጠ ከሆነ ግን ጁሱ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል። የማፍጠሪያው ብርጭቆ ለጎረቤት ሲላክ፣ ጎረቤትም በፋንታው ለፍስክ ያዘጋጀውን ሲልክ የኖረ ወግ ነውና ሁለቱ ቤቶች አንድ ፍሪዘር ቢጋሩ ማንንም አያስገርምም።

ጉዳዩ ከጣዕም አልፎ የልጆችን ጤና ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው፣ ስሙንም ከወሎ ጎረቤት ከሰቆጣ የወሰደው ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን የማስቀረት ግብ አለው። ማንጎ ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም፤ እንቁላልና ወተት፣ ንጹሕ ውኃና የእናት ጤና ሁሉ ይጠየቃሉ። ሆኖም ማንጎና ፓፓያ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን አላቸው። ስድስት ወር ላለፈው ሕፃን የሚሠራው ገንፎ ውስጥ ሁለት ኩብ የማንጎ ድቅቅ መጨመር ቀላል ነገር ነው። ገንፎው ትኩስ እያለ ሲገባ ቀልጦ ያበርደዋል፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ሲኖርበትም ቤታ ካሮቲኑ በደንብ ይዋሃዳል። ዓመቱን ሙሉ ሊደረግ የሚችለው ግን ማንጎው ዓመቱን ሙሉ ሲኖር ነው።

"የቀዘቀዘ ነገር ሞቷል፣ ምን ቫይታሚን ይቀርለታል?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ስምንት ዓይነት አትክልትና ፍራፍሬ አነጻጽረው የቀዘቀዙት በብዙዎቹ ቫይታሚኖች ከትኩሶቹ ጋር እንደሚመጣጠኑ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጡ አግኝተዋል። ልዩነት የታየው በተለይ በቤታ ካሮቲን ሲሆን በአንዳንዶቹ ላይ ቀንሷል። ቫይታሚን ሲ ግን በደንብ ይቆያል። ከዛፉ ወርዶ በፀሐይ ላይ ሦስት ቀን የዋለው ማንጎ ነው ይልቅ በየቀኑ የሚጎድልበት።

ሌላው ፍርሃት ጉንፋንና ቶንሲል ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቀዝቃዛ መጠጥ ጉሮሮው የታመመን ሰው ግን ሊያስቸግር ይችላል። ለሽማግሌና ለታመመ ልጅ ፍሬውን አቅልጦ ወይም ከአጃ ጋር አፍልቶ መስጠት ይቻላል፤ የግድ በበረዶው መበላት የለበትም።

ከዚህ ይልቅ መፈራት ያለበት እጥበቱ ነው። ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካና በአውሮፓ በቀዘቀዘ ፍራፍሬ ምክንያት የጉበት በሽታ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ፍሬው ሳይላጥ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ቢላውና እጁም እንዲሁ። ጥቁር ፌስታል ለምግብ የተሠራ ስላልሆነ አይሁን። ዓሣና ሥጋ ባለበት ፍሪዘር ፍራፍሬው በላይኛው መደርደሪያ፣ በደንብ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ማንጎው የቆሮሶ ሽታ ይዞ ይወጣል፣ ከሥጋው የሚንጠባጠበውም ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ። መብራቱስ? ይህን ጥያቄ ማንም በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የወሎ ከተሞች ያለ መብራት ሰንብተዋል፤ በፍሪዘር የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህም መቆራረጡ አልቀረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ነገር ግን የመነጨው ኃይል ሐይቅና ውጫሌ ያለው ቤት የሚደርሰው በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር ነው። የነዚህ ጥገና ከግድቡ እኩል ትኩረት ይገባዋል። ለጥገና ተብሎ የሚቋረጥ መብራትም ቀድሞ ቢነገር ሰው ፍሪዘሩን ያዘጋጃል።

እስከዚያው ድረስ የሚደረግ አለ። ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሲኖር የውኃ ጠርሙሶችን፣ ለመስፊያ ክፍተት ትቶ፣ ሞልቶ ማስገባት ጠቃሚ ነው። በአንድ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዞ በላዩ ሳንቲም ማስቀመጥም ጥሩ ምስክር ነው፤ ከመንገድ ሲመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ወርዶ ከተገኘ መብራቱ ሄዶ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ፍሬው ላይ አሁንም በረዶ ካለበት ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከሞቀና ከሸተተ ግን ይጣል።

ፍሪጁንም ማወቅ ያስፈልጋል። በበረዶ ቤቱ በር ላይ የተሳሉት ኮከቦች ጌጥ አይደሉም። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ነው፣ ፍሬ የሚያቆየው ለሳምንት ያህል ነው። ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ነው፣ ለአንድ ወር። ለግንቦቱ ማንጎ የካቲትን የሚያሳየው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ፣ ሦስት ኮከብና ከዚያ በላይ ያለው ወይም ራሱን የቻለ ፍሪዘር ነው። ትንሽ ፍሪጅ ያላት ቤት ጥቂት ሳምንት ብታቆይም ከምንም ይሻላል፤ ወቅቱ ካለቀ በኋላ የምትበላው አንድ ወር ይጨመርላታል።

የአምባሰል ደጋና ቆላ ቀበሌዎች አብዛኞቹ ግን ፍሪዘር የላቸውም፤ ብዙዎቹ መብራትም የላቸውም። ለእነርሱ ፍሪዘር ግዙ ማለት ነገር ማቃለል ይሆናል። በዚያ ያለው መንገድ ማድረቅ ነው። ማንጎው ቀጠን ተደርጎ ተቆርጦ፣ በንጹሕ መረብ ተሸፍኖ በፀሐይ ሲደርቅ ለወራት ይቆያል፤ ማርማላታም ይሠራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚያው በደሴና በወልድያ መስመር ላይ ይገኛል፤ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ። ዝርያና ተባይ ላይ የሚሰጠው ምክር ከዛፉ ወርዶ ወጥ ቤት ድረስ እንዲደርስ፣ የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች የማንጎ ወቅት ከመግባቱ በፊት ተገናኝተው ማቆየትን ማስተማር ይኖርባቸዋል።

ለከተማዎቹ ደግሞ የሚያስፈልገው ሻጯንና ፍሪዘር ያለውን ቤት ማገናኘት ነው። ጁስ ቤቶች ይህን በከፊል ያደርጋሉ፤ ቤተሰቦች ግን አያደርጉም። የሰፈር ዕቁብ ያላቸው ሴቶች ተስማምተው በሳምንት ሁለት ቀን አመሻሽ ላይ ከአንዲት የታወቀች ሻጭ ቢወስዱ እርሷ የምትጥለው አይኖራትም፤ እነርሱም በርካሽ ያገኛሉ። ዋጋው ላይ ግን ፍትሕ ይኑር። የጠቆረው ሙዝና የተላላጠው ማንጎ ለፍሪዘር እንከን የለበትም፤ ገዢው ይህን እያወቀ "የተበላሸ ነው" ብሎ ሻጯን ማስጨነቅ የለበትም። ሻጮችም ጠዋት ላይ ሁለት ቅርጫት ለይተው፣ ለዛሬ የሚበላውን በአንዱ፣ ለማቀዝቀዝ የሚሆነውን በሌላው አድርገው፣ ለሁለተኛው የራሱን የኪሎ ዋጋ ቢያወጡለት ግንቦት ላይ ሐይቅና ውጫሌ አዲስ ገበያ ይኖራቸዋል።